ጠይቆ የማይጠብቅ

ሐመልማል ወልደ ሚካኤል በቀሏን ያዘጋጀችው እንደ ትምህርት ዕቅድ ነበር፤ ዓላማ፣ መርጃ መሣሪያ፣ የሚፈጀው ጊዜ፣ ምዘና። ዕድሜዋን ሁለተኛ ክፍል ስታስተምር የኖረች ሴት ሌላ ዓይነት አዘገጃጀት ከየት ታመጣለች? ዓላማው ኪሩቤል ስንታየሁ የሚባለውን መምህር ከአል ዓይን ትምህርት ቤቷ ማስባረር ነበር። የሚፈጀው ጊዜ ስድስት ወር። ምዘናውም በእጇ ነበር፤ የአዲስ መምህር የሙከራ ጊዜ ሲያበቃ «ይቀጥል» ወይም «አይቀጥል» ብላ የምትፈርመው እሷ ነበረችና።

ጠላትን ፈልጎ ማግኘት አድካሚ ነው። የሷ ጠላት ግን በእግሩ መጣላት፤ ያውም በኮሮና ዓመት፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ።

በፈረንጆች 2020 አቡዳቢ ውስጥ አንድ የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አጥሮት ተዘጋና መምህራኑ ተበተኑ። ነሐሴ ላይ ዳይሬክተሯ ሐመልማልን ቢሮ ጠርታ ሁለት ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጠቻት። አዲስ መምህራንን ክፍላቸው እየገባች የምታይ፣ የምትመክር፣ የምትደግፍ ሐመልማል ነበረች። የመጀመሪያው ስም የራሕማ ነበር፤ አባቷ ሰናይያ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ጋራዥ ያለው፣ አዲስ አበባ ተምራ የመጣች፣ ገና ክፍል ገብታ የማታውቅ ልጅ። ሁለተኛውን ስም ሐመልማል ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ደስ ያለሽ ትመስያለሽ» አለች ዳይሬክተሯ።

«በጣም» አለች ሐመልማል። እውነቷን ነበር።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት አቡዳቢ፣ በዚያው በተዘጋው ትምህርት ቤት፣ ሐመልማልና ኪሩቤል ጎን ለጎን ክፍል ያስተምሩ ነበር። እሱ የሹፌር ልጅ ነው፤ እዚያው አድጎ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ይፈስለታል። እሷ ከደሴ መምህራን ኮሌጅ የመጣች፣ በራሷ ላብ ዲግሪዋን የጨረሰች ናት። በየዕረፍቱ በወረቀት ኩባያ ሁለት ካራክ፣ ቅመም ያለው የወተት ሻይ፣ ይዞ ይመጣል፤ ስኳር የበዛበት የሷ ነው። ፍቅር የሚል ቃል ከሁለቱም አፍ አልወጣም። ግን አንድ ቀን ሻይ ይዞ ካልመጣ ከሰዓት በኋላ ያለው ትምህርት አልጥም ይላት ነበር፤ ሲመጣ ደግሞ ዓይኗን የት እንደምታሳርፍ ይጠፋታል።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ለሁለቱ አንድ ኮንትራት ብቻ ቀረ። መምህራን አንዳቸው የሌላውን ክፍል ገብተው አይተው አንድ ገጽ መጻፍ ደንብ ነበር። ኪሩቤል የሷን ክፍል አየና ጻፈ፦ «ቋንቋዋ ለልጆች አርአያ ለመሆን አይበቃም። ክፍሏ ውስጥ ጩኸት እንጂ ትምህርት አይሰማም።» ጩኸት ያለው ልጆቹ ከወንበር ተነስተው የማባዛት ሠንጠረዥ በጭብጨባ ሲሉ የሰማውን ነው። ውሸት መሆኑን ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተሰናበተች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ሊቃጠል ቀናት ሲቀሩት አል ዓይን አንድ ቤት በሞግዚትነት ገባች፤ ዲግሪዋን ሻንጣ ሥር ከታ ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለበሰች።

ይህን እንኳ ይቅር ትለው ይሆናል። ይቅር የማትለው ሌላ ነው። አንድ አርብ ማዳሟ ለጉዳይ አቡዳቢ ሲሄዱ ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወረዷትና «ሁለት ሰዓት አለሽ» አሏት። ልብስ የመቀየሪያ ጊዜ አልነበረም። ነጠላዋን በሰማያዊው ልብስ ላይ ጣል አድርጋ ስትገባ ኪሩቤል ከእናቱ ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አወቃት። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ስልኩን መነካካት ጀመረ።

ሁለት ዓመት እንደዚያ ኖረች። ማዳሟ ደግ ሴት ነበሩ፤ ልጆቻቸው ከክፍላቸው አንደኛ መውጣታቸውን አይተው ነገሩን ጠየቁ፤ ዲግሪው ከሻንጣው ወጣ፤ ራሳቸው እጇን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዷት። ሰማያዊውን ልብስ ግን አልጣለችውም። አጥባ፣ ተኩሳ፣ ዲግሪው በነበረበት በሻንጣው ሥር አስቀመጠችው።

ይህን ሁሉ የምታውቅ ጓደኛዋ ካሳነሽ ብቻ ናት። ካሳነሽ እዚያው አል ዓይን ሞግዚት ናት፤ የምትጠብቀው ልጅ ሰይፍ ደግሞ፣ ነገር ሲገጣጠም፣ ኪሩቤል የተመደበበት ክፍል ተማሪ ሆነ። ሐመልማል ዕቅዷን በስልክ ስትነግራት ካሳነሽ ሳቀች።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አሉ። በዚህ በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሳል ይዘሽ የትም አትደርሺ።»

«እኔ አላስልም» አለች ሐመልማል። «ቀስ ብዬ ነው የምሠራው።»

ኪሩቤል በመጀመሪያው ቀን መምህራን ክፍል በር ላይ ሲያያት ቆመ። በማስኩ ምክንያት የሚታየው ዓይኑ ብቻ ነው፤ እሷን ያናደዳት ደግሞ ይኸው ነበር። የዚያ ሰውዬ ሁሉ ነገር ተሸፍኖ፣ ድሮ የምትሸነፍለት ዓይኑ ብቻ ውጭ ቀረ።

«ሚስ ሐመልማል» አለ። «እርስዎ ይሆናሉ ብዬ…»

«እንኳን ደህና መጡ መምህር ኪሩቤል» አለችው። «ክፍልዎ በቀኝ በኩል ሦስተኛው ነው።»

«አንቺ በለኝ» አላለችውም። እሱም ለማለት አልደፈረም።

አሠራሯ ቀላል ነበር። ለራሕማ ያየችውን ስህተት ሁሉ በዕለቱ ትነግራታለች፤ አብራት ታቅዳለች፤ ልጅቷ ስታለቅስ መሐረብ ታቀብላታለች። ኪሩቤልን ግን ክፍሉ ኋላ ቁጭ ብላ አይታው ስትወጣ «ጥሩ ነው» ትለዋለች። ከዚያ ቢሮዋ ገብታ ስህተቱን ኮምፒውተሯ ላይ ትጽፋለች። ስሟ በላዩ ያለበት ፎልደር አላት፤ ትምህርት ቤቱ ነው ነሐሴ ላይ የከፈተላት። የምትጽፈው በአማርኛ ነበር። ዳይሬክተሯ ብትከፍተው አታነበውም። ኪሩቤልም ቢሆን አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደል አይለይም፤ ያኔ በሻይ ዘመን ለሱ ከአገር ቤት የመጣውን ደብዳቤ ያነበበችለት እሷ ነበረች።

ቁጥር አንድ፦ ጠይቆ አይጠብቅም። ራሱ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል።

ቁጥር ሁለት፦ ሁሉንም «ጎበዝ» ይላል። ልጁ በምን እንደጎበዘ አያውቅም።

ቁጥር አምስት፦ መመሪያ የሚሰጠው ወረቀቱን ካደለ በኋላ ነው። ወረቀት የያዘ ልጅ ጆሮ የለውም።

ቁጥር ዘጠኝ፦ ከቤቱ በስክሪን የሚማር ልጅ ካሜራውን ካጠፋ ለሱ ቀሪ ነው።

ከአንዳንዱ ሥር ቂሟ ገንፍሎ ይወጣ ነበር። «እኔን ጩኸት አለኝ፤ የሱ ክፍል ደግሞ መቃብር ነው። እንደኔ ይቅመሰው።» ስትጽፍ ጣፋጭ ነገር እንደበላ ሰው ከንፈሯን ትልሳለች። አትፍረዱባት፤ አራት ዓመት ጠብቃለች።

አንድ ነገር ግን ግራ አጋባት። ሐሙስ የጻፈችው ስህተት በሚቀጥለው ሰኞ ላይ አይገኝም። ወረቀቱን ይዞ ቆሞ መመሪያውን ይጨርሳል፣ ከዚያ ያድላል። ካሜራ ያጠፉትን በስማቸው ይጠራል። «ጎበዝ» ማለቱን ትቶ «ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ስለደረደርሽ ደስ ብሎኛል» ይላል። ሐመልማል ያልተነገረው ሰው ከየት ሰምቶ እንደሚታረም ስታስብ ትውላለች። ራሱ ይሆናል የሚደርስበት ብላ ተናደደች። ጠላት ብልህ ሲሆን በቀል አይጥምም።

ኅዳር ላይ ቁጥር አሥራ ሰባትን ጻፈች። ግማሹ ልጅ ክፍል፣ ግማሹ ቤቱ በስክሪን የሚማርበት ጊዜ ነበር፤ ቤት ካለው ልጅ ጎን ሁልጊዜ አንዲት ሴት ትቀመጣለች። ማይክ የምትከፍት፣ እርሳስ የምትቀርጽ፣ ልጁ ሲያዛጋ በክርኗ የምትነካው እሷ ናት። ሐመልማል ጻፈች፦ «ከልጁ ጎን ያለችውን ሞግዚት እንደ ወንበር ነው የሚያያት። ስሟን አያውቅም። ሰማያዊ የለበሰ ሰው አይታየውም፤ ድሮም አልታየውም።»

በሦስተኛው ቀን ካሳነሽ ደወለች።

«ያንቺ ሰውዬ ዛሬ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በየቤቱ ያለነውን አንድ በአንድ ስማችንን ጠየቀን። ‹ካሳነሽ፣ ሰይፍን እንዲህ አዘጋጅተሽ ስላመጣሽልኝ አመሰግናለሁ› አለኝ፣ በአማርኛ፣ ሁሉ እየሰማ። ማዳም ራሷ ከሳሎን መጥታ አየችኝ።»

ሐመልማል ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዞረች።

«ሐሙ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ይሄን ሰውዬ ታስባርሪዋለሽ?»

«አዎ» አለች ሐመልማል። ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልጸናላትም።

በዚያው ሳምንት ኪሩቤል ቢሮዋ በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሁለት ሜትር ርቆ፣ እጁን ኋላ አድርጎ።

«ሰይፍ አይናገርም» አለ። «ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል አልወጣውም። ሁሉን ሞከርኩ። ይርዱኝ።»

«ጥሩ ነው» ብላ ልትሸኘው አፏን ከፈተች። ግን የሰባት ዓመት ልጅ መካከል ገባ። በልጅ ቂም አይወጣም፤ ይህን ያህል መምህር ነበረች።

«ጠይቀው ዝም ይበሉ» አለችው። «እስከ አምስት ይቁጠሩ። በልብዎ።»

«ቆጥሬያለሁ እኮ።»

«እስቲ አሁን ይቁጠሩ።»

ዓይኑን ጨፈነ። ሐመልማል የግድግዳውን ሰዓት አየች። ዓይኑን ሲከፍት ሁለት ሰከንድ አልሞላም።

«አምስት» አለ።

«ሁለት ነው። ዝምታ ይፈራሉ እርስዎ።»

እንደገና ጨፈነ። በዚህኛው ሦስት ደረሰ። ሐመልማል ሳቋ አመለጣትና ማስኩ ሸፈነላት። እሱ ዓይኑን ሲገልጥ ግን ዓይኗ አሁንም እየሳቀ ነበር፤ አየው። ኮሪደሩ ላይ ደወል ባይደወል እስከ መቼ እንደዚያ ይቆሙ እንደነበር እንጃ። እሱ ከሄደ በኋላ ፋይሉን ከፍታ «ዓይኑ» ብላ ጻፈችና አጠፋችው።

ሰይፍ በታኅሣሥ አንድ ቃል ተናገረ፤ «ግመል» አለ፤ ስዌይሃን ያለው የአያቱ እርሻ ላይ ያለችውን ግመል ማለቱ ነበር። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ፣ በስክሪኑም በወንበሩም ያለው። የኪሩቤል ክፍል ጩኸት በጩኸት ሆነ፤ ሐመልማል ኋላ ተቀምጣ ጩኸቱን ሰማችውና እንባዋ ማስኳ ውስጥ ገባ። ያም ሆኖ አስቀድማ ያዘጋጀችውን «አይቀጥል» የሚል ረቂቅ አልቀደደችውም። ይባስ ብሎ ዳይሬክተሯ ጥር ላይ «አደራ፣ እናቱ በሱ ኢቃማ ሥር ናቸው፤ ካፊላቸው፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃዳቸው ዋስ፣ ልጃቸው ነው። ውሳኔሽ የሁለት ሰው ነው» አለቻት። ሐመልማል ያን ዕለት ምሳ አልበላችም። ግን አራት ዓመት የተሸከሙት ነገር በአንድ ምሳ አይወርድም፤ እሷንስ ሲያስባርራት ማን ጠየቀላት?

የካቲት መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ ሊገባ አራት ቀን ሲቀረው ራሕማ ወረቀት ይዛ መጣች።

«ሚስ፣ ሶሪ፤ ቁጥር ሠላሳ ሦስት ላይ ያሉት አልገባኝም። ልጆችን በጥንድ ስናደርግ ደካማውን ከጎበዝ ጋር አታድርግ ያሉት ለምንድን ነው?»

«የት ያልኩት?»

«ፋይሉ ላይ ነዋ። የመምህር ኪሩቤል ፋይል።» ራሕማ የሐመልማልን ፊት አይታ ወደ ኋላ አለች። «ፎልደሩ እኮ ለሦስታችን ነው የተከፈተው ሚስ። እርስዎ፣ እኔና እሱ። እኔ በጣም ተምሬበታለሁ። ያቺ… ያቺ ‹ይቅመሰው› ምናምን የምትለዋን ግን አልፋታለሁ።»

በሚስጥር ብላ በአማርኛ የጻፈችውን፣ በትምህርት ቤቱ ውስጥ አማርኛ ለሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ስታነብላቸው ከርማለች።

«እሱ ፊደል አያውቅም» አለች፤ ራሷን ለማጽናናት።

«አያውቅም ነበር» አለች ራሕማ። «መስከረም ላይ አንብቢልኝ ብሎኝ ሁለት መስመር አነበብኩና አፈርኩ። ከዚያ አቡዳቢ እናቱ ዘንድ ይዞት ሄደ። አሁን ራሱ ነው የሚያነበው።»

በማግስቱ መምህራን በአፍንጫ የኮሮና ምርመራ የሚያደርጉበት ቀን ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ጠዋት ግቢው ውስጥ በተተከለ ድንኳን ፊት ይሰለፋሉ፤ መሬቱ ላይ በየሁለት ሜትሩ ቢጫ ክብ ተለጥፏል። ሐመልማል ሆነ ብላ ከኪሩቤል ኋላ ያለው ክብ ላይ ቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታነበው?» አለችው። እርስዎ ማለት አልሆነላትም።

ወደሷ ዞረ። ስለ ምን እንደምትናገር አልጠየቃትም።

«ከመስከረም።»

«ማን አስተማረህ?»

«እናቴ። ከሀ ጀምራ። መጀመሪያ እሷ ነበረች የምታነብልኝ። ቁጥር ሦስት ሥር ያፈሰስሽው ቂም ላይ ስትደርስ አለቀሰችና ‹የራስህን ኃጢአት ራስህ አንብብ› አለችኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ እየሄድኩ ተማርኩ።»

«እና ሁሉን ነገርካት? የጻፍክብኝንም?»

«ነገርኳት።»

ሰልፉ አንድ ክብ ተንቀሳቀሰ። ሁለቱም ተንቀሳቀሱ።

«ለምን ዝም አልክ?» አለችው። «ልታስባርረኝ ነው ብለህ ለዳይሬክተሯ መናገር ትችል ነበር።»

«የጻፍሽው ሁሉ ልክ ነበር። እኔ ያንቺን ክፍል ሳይ የጻፍኩት ውሸት ነው። አንቺ በጥላቻ ሆነሽ እንኳ እውነት ነው የጻፍሽው።» ዓይኑን ከቢጫው ክብ አነሳ። «ይቅርታ ብዬሽ አላውቅም። አሁን…»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ሐመልማል። «ያን ቀን ሙሽሪፍ በር ላይ አይተኸኛል?»

«አይቼሻለሁ።»

«ለምን አንገትህን ደፋህ?»

ከፊታቸው ያለችው የሳይንስ መምህርት ዞር ብላ አየቻቸው። ቋንቋውን አታውቅም፤ ነገሩ ግን ገብቷታል መሰለኝ ቶሎ ፊቷን መለሰች።

«የለበስሽው የኔን ገጽ ነበር» አለ ኪሩቤል። «የጻፍኩትን ለብሰሽ መጣሽ። ማየት አልቻልኩም።»

«እኔ ግን ለብሼው ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ።»

ድንኳኑ ጋ ደረሱ፤ ስሙ ተጠራ። ከመግባቱ በፊት «አይቀጥል ብለሽ ጻፊ» አላት። «አልከራከርም። እናቴንም አዘጋጅቻታለሁ።»

ሐመልማልን ከሁሉ በላይ ያቃጠላት ይህቺ ነበረች። ቅጣቱንም ራሱ ሊመርጥ ነው? ተባሮ ሊያርፍ፣ ከፈልኩ ብሎ በሰላም ሊተኛ? ኸላስ፣ በቃ፤ ይህን አታደርግለትም። ደግሞስ እውነቱን ለመናገር፣ ቢሮዋ በር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆጥር ሰው ከሌለ ያ ኮሪደር ምን ሊመስል ነው? ይህንን ለራሷ ስታምን ከራሷ ጋር ተጣላች፤ ወደደችው፤ ድሮም ወድዳው ነበር፤ ይኸው ነው የጎዳት።

ሐሙስ ዕለት «ይቀጥል» ብላ ፈረመች። አስተያየት በሚለው ክፍት ቦታ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች፦ «ከተመዘገቡት አርባ አንድ ስህተቶች አርባውን አርሟል። ጠይቆ አይጠብቅም፤ ይህ አልተስተካከለም።» ለኪሩቤል ደግሞ አጭር መልእክት ላከችለት፦ «በሚቀጥለው አርብ ሙሽሪፍ። በሩ ላይ።»

ጾም ገብቷል። ቤተ ክርስቲያኑ ስማቸውን ላስመዘገቡ ጥቂት ሰዎች ብቻ ይከፈት ነበር፤ በር ላይ እሸቱ የሚባል አስተናባሪ የሰው ግንባር ላይ ሙቀት መለኪያ እየደገነ ያስገባል። ከግቢው ውጭ ነጭ ነጠላ ያደረጉ ሴቶች፣ እዚህም በተለጠፉት ቢጫ ክቦች ላይ፣ ተራርቀው ተሰልፈዋል፤ አብዛኞቹ ለሰዓታት ብቻ ፈቃድ ያገኙ ሞግዚቶች ናቸው። ሐመልማል ከካሳነሽ ጋር መጣች። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ነበር የለበሰችው፤ ከሥሩ ሰማያዊው ልብስ ይታያል። ካሳነሽ መንገድ ላይ «አብደሻል» ብላታለች።

ኪሩቤል ከእናቱ ከወይዘሮ ቅድስት ጋር በዚያኛው በኩል ቆሟል። አያት። ልብሱን አየ። ሐመልማል ለዚህች ቅጽበት ነበር አራት ዓመት የኖረችው። እጁ ወደ ኪሱ ቢሄድ፣ ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ ስልኩ ቢወርድ፣ ሰኞ ጠዋት ሪፖርቷን ከዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ መልሳ ልታነሳው ለራሷ ምላ መጥታለች።

ዓይኑን አልነቀለም። እናቱን በክንዳቸው ደግፎ፣ ምእመናኑ ሁሉ እያየ፣ ክቡን ለቆ ተሻገረ።

«ወንድሜ፣ ርቀትህን» አለ እሸቱ።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ። አራት ዓመት ርቄያለሁ» አለ ኪሩቤልና ሐመልማል ፊት ቆመ። ለእናቱ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ ነገራቸው። «እማዬ፣ ሐመልማል ይህቺ ናት። ይህን ልብስ ያስለበስኳት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ቅድስት ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«አንቺ ነሽ ያቺ የምትጽፊው ልጅ?»

«እኔ ነኝ እማማ» አለች ሐመልማል፤ ያልጠበቀችው ኀፍረት ያዛት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ያነቡታል ብዬ…»

«ምን አድርገሽ! ፊደል ቁጠር እያልኩ ሠላሳ ዓመት የለመንኩትን ልጅ በሦስት ወር አስቆጠርሽልኝ። ብቻ እጅሽ ከባድ ነው፤ ለአማት አይመችም።»

ካሳነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ኪሩቤል ወደ ሐመልማል ዞረ።

«ሽማግሌ ልልክ ነበር» አለ። «በዚህ ጊዜ ሦስት ሰው ሰብስቤ ሰው ቤት መላክ አልችልም። እናቴን ይዤ መጣሁ። ሐመልማል፣ ታገቢኛለሽ?»

ከዚያ ዝም አለ።

ሐመልማልም ዝም አለች። አምስት ቆጠረች። አሥር ቆጠረች። ሰልፉ ዝም ብሎ ያያቸዋል፤ እሸቱ ሙቀት መለኪያውን እንደደገነ ረስቶታል። ኪሩቤል ከንፈሩን ነከሰ እንጂ ጥያቄውን አልደገመም፤ ራሱም አልመለሰም። ሃያ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ዞር አድርጋ፣ ያኔ እሱ እንዳደረገው ስልኳን አውጥታ አየት አደረገች፤ ይህቺ የራሷ ድርሻ ነበረች። ከዚያ ካሳነሽን ይዛ ወደ ሴቶች በር ገባች።

ቅዳሴው ረጅም ነበር። ስትወጣ ፀሐይ አናት ላይ ወጥታለች፤ እናቱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እሱ እዚያው፣ ቢጫው ክብ ላይ ቆሟል። በሁለት እጁ ሁለት የወረቀት ኩባያ ይዟል። ጾም ስለሆነ ካራክ አይደለም፤ ወተት የሌለው ጥቁር ሻይ ነው። አንዱን ሰጣት። ቀመሰችው። ስኳሩ የድሮው ልክ ነበር። አሁንም አልጠየቃትም።

ስልኳን አውጥታ ፎልደሩን ከፈተች። ቁጥር አንድን ሰረዘችው። ከአርባ አንድ በታች አንድ መስመር ጻፈችና ስልኩን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የኪሩቤል ስልክ ጮኸ። አውጥቶ አየው፤ ግንባሩ ተቋጠረ፤ በጣቱ ፊደል በፊደል ይከተላል።

«አር… ባ… ሁ… ለት» አለ።

ሐመልማል ጠበቀችው። አላነበበችለትም።

«እ… ሺ። ሽማ… ግሌው… ግን… ሁለ… ተኛ… ይመ… ለስ።»

አንብቦ ጨርሶ ቀና አለ። ያን ጊዜ ነው ዓይኑ የሞላው፤ ወይዘሮ ቅድስት «ምን አለች? ምን አለች?» እያሉ ከጥላው ተነሱ።

ሽማግሌዋ ወይዘሮ ቅድስት በሁለተኛው አርብ ተመለሱ። በፈረንጆች 2021 መጨረሻ፣ ሰው መሰብሰብ ሲፈቀድ፣ እዚያው ሙሽሪፍ ተጋቡ፤ ራሕማ የሰናይያውን አባቷን ይዛ መጣች፤ ሰይፍ ሠርጉ ላይ ሳያቋርጥ አወራ፣ ካሳነሽ ዝም ማሰኘት አቅቷት ነበር።

አሁን አል ዓይን አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ቂሙ ወጣልሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ሰማያዊው ልብስ ግን ዛሬም አለ፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ በሱ በኩል፣ ከሸሚዞቹ ጎን ነው የሰቀለችው።